ፊርማው የታካሚው፤ ውሳኔውስ የማን ነው?

ከመነሻው ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ይህኛውን ሕክምና ምረጡ ያኛውን ተዉ ብዬ የምመክርበት ሥልጣንም ዕውቀትም የለኝም። ብዕሬን እንዳነሳ የገፋፋኝ ሕክምናው ራሱ ሳይሆን በሕክምና ውስጥ ያለው የውሳኔ ጉዳይ ነው። መረጃው ባልተሟላበትና ውጤቱ እርግጠኛ ባልሆነበት ሁኔታ መወሰን ደግሞ ለእኛም ሙያ የዕለት እንጀራ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በስደት በምንኖርባቸው አገሮች የሆስፒታል ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከቀዶ ጥገና በፊት ጥቂት ገጾች ያሉት ቅጽ ይመጣል፤ አንድ መስመር ላይ ጣት ይቀመጥና "እዚህ ጋ ይፈርሙ" ይባላል፤ ታካሚውም ይፈርማል። አብዛኞቻችን ይህን ቅጽ የምናየው ሆስፒታሉ ራሱን ከክስ ለመከላከል እንደሚያስፈርመው ወረቀት ነው፤ ሙሉ በሙሉም አልተሳሳትንም። ነገር ግን ከወረቀቱ በስተጀርባ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ክርክር አለ። በሰው ገላ ላይ ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው ማነው? ዕውቀቱ ያለው ሐኪም ነው ወይስ ገላው የራሱ የሆነው ሰው? በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ሦስተኛ መልስ አለ፤ ቤተሰቡ። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

የሚነሳብኝ ተቃውሞ ይታወቀኛል። "ሐኪሙ ዕድሜውን ሙሉ የተማረውን ነገር እኔ በሃያ ደቂቃ ምኑን ተረድቼ ነው የምወስነው?" የሚል ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶችን አንድ ላይ የሚጨፈልቅ ጥያቄ ነው። ከራሴ ሙያ ምሳሌ ልስጥ። አንድ አሠሪ መጥቶ "ምርጡን ድልድይ ሥራልኝ" ቢለኝ ሥራውን መጀመር አልችልም። ምርጥ በምን መለኪያ? በዋጋ የረከሰው? ሃምሳ ዓመት ያለ ብዙ ጥገና የሚቆየው? በስድስት ወር የሚያልቀው? ብረቱ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የማውቀው እኔ ነኝ፤ አሠሪው በዚህ ከእኔ ጋር መከራከር የለበትም። ከእነዚህ ነገሮች የትኛው እንደሚበልጥበት የሚያውቀው ግን እሱ ነው፤ በዚህኛው ደግሞ እኔ ከእሱ ጋር መከራከር የለብኝም። ሚዛኑን ሳልጠይቀው የሠራሁለት ድልድይ በእኔ ሚዛን የተሠራ ድልድይ ይሆናል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚመላለስበት ግን እሱ ነው።

ሕክምናም እንዲሁ ነው። ይህ መድኃኒት ከመቶ ሰው ስንቱን ይረዳል፣ ስንቱን ይጎዳል የሚለው የሐኪሙ ዕውቀት ነው። ሁለት ዓመት ሆስፒታል እየተመላለሱ ከመኖርና አንድ ዓመት እቤት ከልጅ ልጅ ጋር ከመኖር የቱ ይሻላል የሚለው ግን በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም። እርግጥ ነው፣ መኪና ገጭቶት ደሙ እየፈሰሰ ለመጣ ሰው ምርጫ መደርደር እብደት ነው፤ ማጅራት ገትር ለያዘውም ሰው እንዲሁ። የምናገረው ከአንድ በላይ ምክንያታዊ መንገድ ስላለው ሕክምና ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ሰው ከሚገምተው በላይ ብዙ ነው። ጆን ዌንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር በ1973 "ሳይንስ" በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በትንሿ በቬርሞንት ግዛት ውስጥ እንኳ የቀዶ ሕክምና ብዛት ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው እጅግ እንደሚለያይ አሳይተዋል። ስቶው በምትባለው ከተማ ከሚያድጉት ልጆች 70 በመቶ ያህሉ ቶንሲላቸው ሲወጣ፣ በአጠገቧ ባለችው ዋተርበሪ ግን 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የሁለቱ ከተማ ልጆች ጉሮሮ አይለያይም። የተለያየው የሐኪሞቹ ልማድ ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው በጡት ካንሰር ታሪክ ነው። በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የነበሩት ዊልያም ሃልስቴድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፉት ቀዶ ሕክምና ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብት ዕጢዎችን ጭምር ጠርጎ የሚያወጣ ነበር። ለበርካታ አሥርተ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ዋናው ሕክምና ይኸው ሆኖ ቆየ። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን የአፈጻጸሙ ሥርዓት ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ስትመጣ ማደንዘዣ ይሰጣታል፤ ተኝታ ሳለች ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ እዚያው ሳትነቃ ጡቷ ይቆረጣል። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገባ ካንሰር ይኑራት አይኑራት አታውቅም፤ መልሱን የምታገኘው ስትነቃ እጇን ወደ ደረቷ ሰዳ ነው። ፈርማለች ወይ? አዎን ፈርማለች። ለምርመራውም ለቆረጣውም የሚያገለግል አንድ ወረቀት አስቀድማ ፈርማለች። ሐኪሞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁለት ጊዜ ማደንዘዣ ከመስጠትና በመካከሉ በፍርሃት ከማቆየት አንድ ጊዜ መገላገል ይሻላታል ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። "ይሻላታል" የምትለዋን ቃል ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ እሷን የጠየቃት የለም።

በ1974 ሮዝ ኩሽነር የተባለች ጋዜጠኛ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ነዋሪነቷ በሜሪላንድ ኬንሲንግተን ነበር፤ ማለትም ዛሬ ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎን። ኩሽነር ናሙናው ብቻ ይወሰድልኝ፣ ውጤቱን ሰምቼ ከዚያ በኋላ እወስናለሁ አለች። ቀዶ ሐኪሞች በዚህ ሁኔታ አንሠራም እያሉ መለሷት። በመጨረሻ የሚስማማ አግኝታ ናሙናው ተወሰደ፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ አንብባና ጠይቃ ጡንቻዋን የማይነካውን ቀለል ያለ ቀዶ ሕክምና መርጣ ቡፋሎ ከተማ ሄዳ ተደረገላት። በዓመቱ መጽሐፍ ጻፈች፤ ስብሰባ ላይ እየተገኘች ሐኪሞችን በጥያቄ ወጠረች። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ባቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ ውስጥ ሐኪም ሳትሆን ተቀመጠች፤ ጉባኤውም ናሙናና ቆረጣ በአንድ እንቅልፍ የሚፈጸምበት አሠራር እንዲቀር መከረ።

በጎን ደግሞ ሳይንሱ እየተራመደ ነበር። የፒትስበርጉ በርናርድ ፊሸር በ1976 የጀመሩት ሙከራ 1,851 ሴቶችን ለሃያ ዓመት ተከታትሎ በ2002 የደረሰበት መደምደሚያ፣ ጡቱ ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥም ሆነ እብጠቱ ብቻ ቢወጣ በሕይወት የመቆየቱ ዕድል ተመሳሳይ ነው የሚል ነበር። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጡታቸው ከተረፈላቸው ሴቶች ውስጥ የጨረር ሕክምና ከተጨመረላቸው 14 በመቶ ያህሉ፣ ካልተጨመረላቸው ደግሞ 39 በመቶ ያህሉ በዚያው ጡት ውስጥ ካንሰሩ ተመልሶባቸዋል። እንግዲህ የምሕንድስናው ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይመጣል። የሞት ዕድሉ እኩል ከሆነ የሚቀረው ሚዛን የሴትዮዋ ብቻ ነው። አንዷ ጡቴን ላድን፣ ለጨረሩም ለሳምንታት ልመላለስ ትላለች። ሌላዋ የጨረር መሣሪያ ካለበት ከተማ ሦስት ሰዓት ርቃ ትኖራለች፣ ሥራዋንም መተው አትችልም፣ ተመልሶ ይመጣ ይሆን እያለችም መኖር አትፈልግም፤ ይቆረጥልኝ ትላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱን ለሁለቱም የሚያዝ ሐኪም ግን አንደኛዋን መበደሉ አይቀርም።

ሕጉ የመጣው እያነከሰ ነው። በ1914 ሜሪ ሽሎንዶርፍ የተባለች ሴት በማደንዘዣ እንድትመረመር ብቻ ተስማምታ ሳለ ዕጢ እንዳወጡባት በመግለጽ ያቀረበችው ክስ ለኒውዮርክ ግዛት የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ደረሰ። ዳኛው ቤንጃሚን ካርዶዞ አእምሮው ጤነኛ የሆነ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ በገላው ላይ የሚደረገውን የመወሰን መብት አለው ሲሉ ጻፉ። ሆስፒታሉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለነበር ሴትዮዋ ተረታች፤ የዳኛው ቃል ግን ከእሷ በላይ ኖረ። በ1972 ደግሞ የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በ19 ዓመቱ ጀርባው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አካሉ የተጎዳውን የጄሪ ካንተርበሪን ጉዳይ ሲያይ አንድ ትልቅ እርምጃ ሄደ። ሐኪሙ ሽባነት ሊያስከትል የሚችለውን፣ አንድ በመቶ ያህል የሆነውን አደጋ አልነገረውም ነበር። ፍርድ ቤቱም መለኪያው ሐኪሞች በልማድ የሚናገሩት ሳይሆን ታካሚ ለመወሰን የሚያስፈልገው ነው አለ። እንግሊዝ እዚህ ለመድረስ እስከ 2015 ቆየች። የስኳር ሕመም ያለባትና ቁመቷ አጭር የሆነችው ናዲን ሞንትጎመሪ በ1999 ስትወልድ የልጁ ትከሻ ተይዞ አየር አጠረውና ጽኑ የአንጎል ጉዳት ደረሰበት። ትከሻው ይያዛል የሚለውን፣ ከአሥር አንድ ለሚሆን ዕድል የሚቀርበውን ሥጋት ሐኪሟ ያልነገረቻት፣ ብነግራት በቀዶ ጥገና መውለድን ትመርጣለች በሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእናትየዋ ፈረደ። ከፍርዱ ውስጥ እኔን የያዘኝ፣ ታካሚን በማይገባት ቴክኒካዊ ቃል ማጥለቅለቅም ሆነ በዘልማድ ቅጽ ማስፈረም የሐኪሙን ግዴታ እንደማያሟላ የተናገረበት ክፍል ነው።

መረዳት ከተባለ ዘንድ ስለ ቁጥር ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ እንኳ ከሙያዬ አልወጣም። ቁጥር አይዋሽም ይባላል፤ አቀራረቡ ግን ያታልላል። በ1982 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ለሳንባ ካንሰር ቀዶ ጥገና ይሻላል ወይስ ጨረር ብሎ ሰዎችን ጠየቀ። ለአንደኛው ቡድን ውጤቱ "ከመቶ ይህን ያህል ሰው ይተርፋል" ተብሎ ቀረበ፤ ለሁለተኛው ያው ቁጥር ተገልብጦ "ይህን ያህል ሰው ይሞታል" ተብሎ ቀረበ። ጨረርን የመረጡት በመጀመሪያው አቀራረብ 18 በመቶ፣ በሁለተኛው 44 በመቶ ሆኑ። ከተጠየቁት መካከል ሐኪሞችም ነበሩበት፤ እነሱም አልዳኑም። በ1995 ደግሞ የብሪታንያ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ አዲሶቹ የወሊድ መከላከያ ክኒኖች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ያሳድጋሉ ሲል አስጠነቀቀ። እጥፍ መባሉ አገሩን አስደነገጠ፤ ብዙ ሴቶች ክኒኑን ጣሉት። በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ የጽንስ ማቋረጥ ቁጥር በ13,000 ገደማ ጨመረ። እጥፍ የተባለው ግን ከ7,000 ሴቶች አንዷ ላይ ይደርስ የነበረው ሁለት ላይ መድረሱ ነው። ስለዚህ ሐኪም "አደጋው በግማሽ ይቀንሳል" ሲል የሚቀጥለው ጥያቄ "ከስንት ወደ ስንት?" መሆን አለበት። ከመቶ ሃያ የነበረው አሥር ሲሆንም ግማሽ ነው፤ ከአሥር ሺህ ሁለት የነበረው አንድ ሲሆንም ግማሽ ነው።

አሁን ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያመጣ ጉዳይ ላንሳ፤ የብዙዎቻችንን አባቶች፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እኛን ራሳችንን የሚመለከት ነው። የፕሮስቴት ካንሰር። በብሪታንያ የተካሄደ ሙከራ ካንሰሩ በደም ምርመራ ተደርሶበት ገና ከፕሮስቴቱ ያልወጣባቸውን 1,643 ወንዶች በሦስት ከፍሎ ለአንዱ ቀዶ ጥገና፣ ለአንዱ ጨረር፣ ለሦስተኛው ደግሞ ያለ ሕክምና የቅርብ ክትትል ሰጠ። በ2023 የ15 ዓመቱ ውጤት ሲወጣ በካንሰሩ የሞቱት ከሁሉም ቡድን ተደምረው 2.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቡድኖቹ መካከል ያለውም ልዩነት ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ታዲያ ቀዶው ለምኔ እንዳይባል፣ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተዛመተባቸው ክትትል ላይ ከነበሩት 9.4 በመቶ፣ ከቀዶ ቡድኑ ግን 4.7 በመቶ ናቸው። ክትትል ላይ ከነበሩትም 61 በመቶ ያህሉ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ኋላ ቀዶ ወይም ጨረር ወስደዋል። በሌላ ወገን ቀዶ ከተመደበላቸው መካከል በስድስተኛው ወር 46 በመቶ፣ በስድስተኛው ዓመትም 17 በመቶ ያህሉ ሽንት ስለሚያመልጣቸው ፓድ ይጠቀሙ ነበር፤ በክትትሉ ቡድን ይህ በስድስተኛው ዓመት 8 በመቶ ነው። ስለ ወንድነት አቅም የሚወራው ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሐኪም ጋርም፣ አንዳንዴም ከሚስት ጋር የማይወራ ስለሆነ፣ እሱም በቀዶው ቡድን የበለጠ እንደተጎዳ ብቻ ተናግሬ አልፋለሁ።

በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ የሚያሽከረክር የ58 ዓመት ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበውና ጡረታ ወጥቶ ካንሰሩ ሰውነቴ ውስጥ አለ ብሎ ማደር የማይችለው ጎረቤቱ የሚያስበው አንድ አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በዚህ ሙከራ ከተሳተፉት አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ይህ በሽታ በጥቁር ወንዶች ላይ በብዛት የሚከሰትና ብዙ የሚገድል ነው። ስለዚህ "ይህ ቁጥር እንደ እኔ ላለ ሰው ይሠራል ወይ?" ብሎ መጠየቅ የአዋቂ ነኝ ባይነት ሳይሆን የታካሚው ድርሻ ነው።

ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚል ተረት አለን። ተግባራችን ግን በተቃራኒው ነው፤ እኛ ጋ በሽታው የሚደበቀው ከበሽተኛው ነው። ኢትዮጵያዊቷ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ዶክተር የውብዳር በየነ በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ክፉ ዜና ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሕሙማን እንዴት ይነገር በሚል ጉዳይ በጻፉት ጥናት ይህን ለፈረንጅ ሐኪሞች አስረድተዋል። ዜናው አስቀድሞ ለቅርብ ቤተሰብ ወይም ለወዳጅ ይነገራል፤ እነሱም ሰዓቱንና ሁኔታውን መርጠው ለታማሚው ያደርሱታል። አሜሪካዊ ሐኪም እንደ ወጉ ቀጥ ብሎ ለታማሚው ሲናገር በእኛ ዓይን ጭካኔ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ወጋችንን ለመናቅ አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከእኛ የተሻሉ አልነበሩም። በ1961 ቺካጎ ውስጥ በተደረገ ጥናት 90 በመቶ ያህሉ ሐኪሞች ካንሰርን ለታካሚው አለመንገርን እንደሚመርጡ ገለጹ። በ1979 ያው ጥያቄ በሌላ ሆስፒታል ላሉ ሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶው እንናገራለን አሉ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ተገለበጠ ማለት ነው። ስለዚህ "ባህላችን ነው" የሚለው መልስ ብዙ አያስኬድም፤ የእነሱም ባህል ነበር።

አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። በምኖርበት አካባቢ ልጆቻቸው ያስመጧቸው አንድ አባት ነበሩ። ካንሰሩ ሲገኝ ተስፋፍቶ ነበር። ልጆቹ፣ ሁሉም የተማሩና አባታቸውን የሚወዱ፣ ተሰብስበው "አባባ ከሰሙ ይሰበራሉ" ብለው ሐኪሙን ለመኑ፤ ለእሳቸው ጉበታቸው ትንሽ እንደተቆጣ ተነገራቸው። አባባም በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጣቸውን መድኃኒት የጉበት ማስታገሻ ነው ብለው እየወሰዱ፣ እያስመለሳቸው፣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ "ይህችን ልጨርስና አገሬ ገብቼ እህቴን አያለሁ፤ የመሬቱንም ነገር ከወንድሜ ልጆች ጋር እንጨርሳለን" ይሉ ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ወደ ማድ ቤት እየገቡ ያለቅሱ ነበር። በአምስተኛው ወር በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ ትንፋሽ መስጫ ቱቦ በጉሮሯቸው እንደገባ አረፉ። እህታቸውን አላዩም። ኑዛዜ አልተናዘዙም፤ በገቡት ቂም ላይ ይቅር አልተባባሉም፤ የነፍስ አባታቸውን እንኳ ለዚህ ነገር ብለው አልጠሩም። የቀራቸው አምስት ወር የእሳቸው ነበር፤ የተጠቀሙበት ግን ሌሎች ናቸው። ከልጆቹ አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ "ደህና አድርገን አሳረፍናቸው" ይላል፤ ሌላኛዋ ግን ይህ ሲነሳ ክፍሉን ትታ ትወጣለች።

እኔን የሚደንቀኝ፣ ለዚህ መፍትሔ የሚሆነውን ነገር የራሳችን ባህል ያስቀመጠልን መሆኑ ነው። መርዶን አስቡ። መርዶ አይደበቅም። ሰው ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ሰውየው በሚያውቃቸው ሰዎች ተከብቦ ማልዶ ይነገረዋል፤ ከነገሩት በኋላም ትተውት አይሄዱም። ማንም መርዶ ነጋሪ "ይሰበራልና ጭራሹን አይነገረው" አይልም። ጥንቃቄው በአነጋገሩና በሰዓቱ ላይ ነው። የሞተን ሰው ዜና ለሌላ ለመንገር ይህን ያህል ሥርዓት ያበጀ ሕዝብ፣ የራሱን የሰውየውን ዜና ለራሱ ለመንገር ሥርዓት ማበጀት እንዴት ያቅተዋል? ደግሞም መንገዱ ቀላል ነው። ምርመራው ሲጀመር፣ ገና ምንም ሳይታወቅ፣ "አባባ፣ ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ይነገር ወይስ ለእኛ? ሁሉንም መስማት ይፈልጋሉ?" ብሎ መጠየቅ ነው። "ለልጄ ንገሩ፣ እሷ ትወስንልኝ" ካሉ ያም የእሳቸው ውሳኔ ነው፤ መብቱን ማስተላለፍም መብት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት ሆስፒታሎች ታካሚው ራሱን መግለጽ ሲያቅተው የሚወስንለትን ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ የመሰየም መብት እንዳለው እንዲያሳውቁት ይገደዳሉ። ወረቀቱን ተቀብሎ ሞልቶ የሚመልሰው ወገናችን ግን ከጣት ቁጥር አያልፍም ብዬ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ በቅንፍ ልናገርና ልለፍ፤ ስለ ሕዝብ የራስን ዕድል በራስ መወሰን በየስብሰባው እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች፣ እናታችን ስለ ገዛ ገላዋ ድምፅ እንዲኖራት ሲጠየቅ "እሷ ምን ታውቃለች" ስንል መስማት የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ሌላ ራስ ምታት ነው። ካንሰር በአማርኛ ነቀርሳ ይባላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ደግሞ ሰው የሚረዳው ሳምባ በሽታን፣ ቲቢን ነው። እንግዲህ የሳንባ ካንሰር የተገኘባቸው እናት "ነቀርሳ ነው" ቢባሉ ስድስት ወር ክኒን ውጠው የሚድኑ መስሏቸው ሊደሰቱ ይችላሉ። "ፖዘቲቭ" የሚለውንም ቃል አንዳንዱ እንደ መልካም ዜና፣ አንዳንዱ እንደ ኤችአይቪ ይሰማዋል። የአንድ ቃል ስህተት ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የ18 ዓመቱ ዊሊ ራሚሬዝ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ ቤተሰቡ በስፓኒሽ "ኢንቶክሲካዶ" አሉ፤ የበላው ነገር መርዞታል ለማለት ነበር። ሐኪሞቹ አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዷል ብለው ተረጎሙት። አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደነበር የታወቀው ከዘገየ በኋላ ሲሆን ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ፤ በስምምነት የተወሰነው ካሳም በዕድሜው ሲታሰብ 71 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

እኛ ደግሞ የምናደርገው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይዘን መሄድ ነው። ልጁ የእናቱን የማሕፀን ሕመም እንዲተረጉም ይገደዳል፤ ያፍራል፤ ግማሹን ይዘላል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ይተረጉማሉ ሳይሆን ያጣራሉ፤ ሐኪሙ ሦስት ደቂቃ የተናገረውን "ደህና ነሽ ይልሻል" ብለው ይጨርሱታል። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010ሩ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለ ቋንቋ አገልግሎት በ2000 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ቢሻርም እነዚህ ሕጎች አልተሻሩም። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ ደግሞ አማርኛን ከሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንዲሉ፣ ቀጠሮ ሲያዝ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ብሎ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው። ሲጠየቅም ሐኪሙ ፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም፤ ሌላ ምን አማራጭ አለ፣ ከመቶ ሰው ስንቱ ይጠቀማል ስንቱስ ይጎዳል፣ ለጊዜው ምንም ባናደርግስ? የመጨረሻዋን ሰው መጠየቅ ያፍራል፤ ብዙ ጊዜ ግን በጣም ጠቃሚዋ እሷ ናት። ከ200 በላይ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2024 የወጣ ግምገማ እንደሚያሳየው፣ አማራጮቻቸው በግልጽ ቁጥር ተዘርዝረው የቀረቡላቸው ታካሚዎች ስለ ሕክምናው የበለጠ ያውቃሉ፤ በውሳኔውም የበለጠ ይሳተፋሉ።

በመጨረሻም ከስደተኛው ሕይወት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችን ሲታመሙ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሐኪሙም ታማሚውም አይደለም፤ ገንዘቡን የሚልከው ነው። በቶሮንቶ፣ በዳላስና በስቶክሆልም የሚኖሩ ወንድማማቾችና እህትማማቾች በስልክ ይሰበሰባሉ፤ ባንኮክ ትሂድ ወይስ ዴልሂ፣ ቀዶው አሁን ይሁን ወይስ ከፋሲካ በኋላ ይባላል። የማውቃቸው አንድ ቤተሰቦች በእናታቸው የጉልበት ቀዶ ጥገና እንዲህ ለሁለት ወር ሲከራከሩ ከረሙ። ገንዘቡ ተዋጣ፤ የአውሮፕላኑ ዋጋ ተጠየቀ። አንድ ቀን ታናሽየዋ ስልኩን ለእናቷ እንዲሰጡላት ጠይቃ "እማዬ፣ አንቺ ግን ምን ይሻልሻል?" አለቻት። እናት ጥቂት ዝም ብለው፣ ሕመሙን እንደለመዱት፣ የከበዳቸው ወደ መኝታ ቤታቸው የሚያስወጣው ደረጃ እንደሆነ፣ በማያውቁት አገር ተቀደው ለመተኛት ደግሞ ልባቸው እንዳልፈቀደ ነገሯት። ቢቻል ምድር ቤት ያለችው ዕቃ ቤት ተጠርጋ አልጋቸው እዚያ እንዲዘረጋ ይፈልጋሉ፤ ቀዶውን ጉልበታቸው ከባሰበት ያን ጊዜ ያስቡበታል። ዕቃ ቤቷ ተጠረገች፤ ከዘራም ተገዛላቸው። የዳላሱ ወንድም አሁንም ባንኮክ መሄድ ነበረባቸው ባይ ነው።